ሻጭ ገዢውን እንዳይወቅስ ሲከለከል፦ የኢቤይ የ2008 ውሳኔና ያስከተለው

በጃንዋሪ 2008 መጨረሻ ገደማ የኢንተርኔት ጨረታ ገበያው ኢቤይ ለሻጮቹ ያልጠበቁትን ለውጥ አሳወቀ። ከሜይ ወር ጀምሮ ሻጭ ስለ ገዢው ሊሰጥ የሚችለው አዎንታዊ አስተያየት ብቻ ይሆናል፤ አሉታዊም ሆነ ገለልተኛ ነጥብ መስጠት አይፈቀድለትም። ገዢው ግን እንደ ቀድሞው ሻጩን ማመስገንም መውቀስም ይችላል። ሁለቱ ወገኖች ከአሥራ ሁለት ዓመታት በላይ በእኩልነት ሲገለገሉበት የኖሩት መብት በዚህ መንገድ ከአንደኛው እጅ ወጣ። ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው ያንን አንድ ውሳኔ ነው፤ ወደ ውሳኔው ያደረሰው ችግር ምን እንደነበረ፣ ሻጮች ለምን እንደተቆጡና ከዚያ በኋላ በገበያው ውስጥ ምን እንደተለወጠ ያስረዳል። ቀኖቹ ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

በኦንላይን ጨረታ የሚሰማው ምሬት አብዛኛው እዚህ ጉዳይ ላይ ይገናኛል። ገዢው «የተባለው ዕቃ አልደረሰኝም» ሲል፣ ሻጩም «ጨረታውን አሸንፎ ሳይከፍል ጠፋ» ሲል፣ ሁለቱም የሚፈልጉት በደላቸው ተመዝግቦ ሌላው ሰው እንዲያየው ነው። መዝገቡ በፍርሃት የሚሞላ ከሆነ ግን ለማንም አይጠቅምም።

በማይተዋወቁ ሰዎች መካከል የቆመ ገበያ

ኢቤይን የኮምፒውተር ፕሮግራመር የነበረው ፒየር ኦሚድያር በሴፕቴምበር 1995 በካሊፎርኒያ «ኦክሽንዌብ» በሚል ስም ሲጀምረው፣ በመጀመሪያ የተሸጠው ዕቃ የተሰበረ የሌዘር መጠቆሚያ እንደነበረ ይነገራል፤ ዋጋውም 14.83 ዶላር ነበር። ገዢው መሰበሩን እያወቀ ስለ ገዛው ምንም ቅሬታ አልተነሳም። ሁሉም ሻጭ የዕቃውን ጉድለት እንዲህ በግልጽ ቢናገር ኖሮ ቀጥሎ የሚተረከው ታሪክ ባልኖረ ነበር።

ገዢው ግን ዕቃውን በእጁ ሳይነካ፣ ሻጩን በዐይኑ ሳያይ ገንዘቡን አስቀድሞ ይልካል። በነዚያ የመጀመሪያ ዓመታት የሚልከውም ብዙውን ጊዜ በፖስታ በሚጓዝ ቼክ ወይም የገንዘብ ማዘዣ ስለነበረ፣ አንዴ ከላከ በኋላ ማስመለሻው መንገድ እጅግ ጠባብ ነበር። ኢኮኖሚስቱ ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 ባሳተመው ጥናት እንዳስረዳው፣ ሻጭ የሚያውቀውን ጉድለት ገዢው ማወቅ በማይችልበት ገበያ ውስጥ ገዢዎች ለሁሉም ዕቃ የሚሰጡትን ዋጋ ይቀንሳሉ፤ ጥሩ ዕቃ ያላቸው ሻጮችም በዚያ ዋጋ አንሸጥም ብለው ይወጣሉ፤ የሚቀረው ግርዱ ነው።

ኦሚድያር ለዚህ ያበጀው መድኃኒት ቀላል ነበር። በፌብሩዋሪ 1996 በከፈተው የአስተያየት መድረክ ላይ ማንኛውም ተጠቃሚ ሌላውን በአንድ አዎንታዊ፣ ገለልተኛ ወይም አሉታዊ ነጥብ መመዘንና ከነጥቡ ጋር አጭር ቃል መጻፍ ቻለ። ነጥቦቹ ተደምረው ከሰውየው የመለያ ስም ጎን ይቀመጣሉ፤ በዚህም የማያውቁት ሰው ቢያንስ በቁጥር ይታወቃል።

ቁጥሩም በገንዘብ የሚተመን ሆነ። ፖል ሬስኒክና ባልደረቦቹ በ2006 ባሳተሙት ሙከራ፣ ጥሩ ስም የነበረው አንድ የቆዩ ፖስትካርዶች ነጋዴ ተመሳሳይ ዕቃዎችን ከፊሉን በታወቀው ስሙ፣ ከፊሉን አዲስ በተከፈቱ ስሞች ሸጠ፤ ገዢዎች ለታወቀው ስም ለመክፈል ፈቃደኛ የሆኑት ዋጋ በ8.1 በመቶ በልጦ ተገኘ። ለሻጭ አሉታዊ ነጥብ ከክብር ባለፈ የኪስ ጉዳይ የሆነበት ምክንያት ይኸው ነው።

ሁሉም ሰው ጥሩ የሆነበት መዝገብ

ሬስኒክና ሪቻርድ ዘክሃውዘር የ1999 የኢቤይ ግብይቶችን መርምረው ያገኙት ውጤት ያስገርማል። ገዢዎች ከግብይቶቹ በ52.1 በመቶው አስተያየት የሰጡ ሲሆን፣ ከሰጡት ውስጥ 99.1 በመቶው አዎንታዊ፣ 0.6 በመቶው አሉታዊ፣ 0.3 በመቶው ገለልተኛ ነበር። ሻጮች ደግሞ በ60.6 በመቶው ላይ ስለ ገዢዎቻቸው ጽፈዋል። በዓይነቱ እጅግ የተለያየ አሮጌና አዲስ ዕቃ፣ በማይተዋወቁ ሰዎች መካከል፣ በፖስታ እየተላላከ ከመቶ ገዢዎች ዘጠና ዘጠኙ ረክተዋል ብሎ ማመን ይከብዳል።

ለምን እንዲህ እንደሆነ ለመረዳት አንድን ግብይት ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። አንድ ገዢ አሮጌ የፊልም ካሜራ በጨረታ አሸነፈ እንበል። ማስታወቂያው «በጥሩ ሁኔታ ላይ ያለ፣ በደንብ የሚሠራ» ይላል። ዕቃው ደርሶ ሌንሱን ወደ መስኮት አዙሮ ሲያየው ከመስታወቱ ውስጥ በኩል እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ሻጋታ ያገኛል፤ ይህ ከውጭ በጨርቅ የማይጠረግ፣ ሌንሱ ተፈትቶ ካልታጠበ የማይለቅ ጉድለት ነው። ለሻጩ ይጽፋል፤ ሻጩ «ሲላክ ደህና ነበር» ብሎ ይመልሳል። አሁን ገዢው አሉታዊ ነጥብ ሊሰጥ ይገባዋል። ነገር ግን የራሱ መዝገብ ገና 12 አዎንታዊ ነጥቦች ብቻ ያሉበት ነው፤ የሻጩ 3,000 ነው። ገዢው ቢወቅስ የሻጩ መዝገብ ወደ 99.97 በመቶ ይወርዳል፤ ማለትም ማንም አያስተውለውም። ሻጩ በአጸፋው ቢወቅሰው ግን የገዢው መዝገብ በአንድ ጊዜ ወደ 92 በመቶ ይወድቃል። ዝቅተኛ ነጥብ ያለውን ተጫራች የማይቀበሉ ሻጮች ስላሉ፣ ይህ ሰውም ነገ የራሱን ዕቃ ሊሸጥ ስለሚችል፣ ጉዳቱ ቀላል አይደለም። ስለዚህ ያስባል፣ ያመነታል፣ በመጨረሻም ሆድ ይፍጀው ብሎ ይተወዋል።

ይህን የሚያባብሱ ሁለት ልማዶች ነበሩ። አንደኛው የቅደም ተከተሉ ጨዋታ ነው። ገንዘቡን የተቀበለ ሻጭ ገዢው የድርሻውን በሚገባ እንደተወጣ በዚያው ሰዓት ያውቃል፤ ፍርዱን ለመስጠት የሚጠብቀው ነገር የለም። ሆኖም ብዙዎቹ ገዢው ቀድሞ እስኪጽፍ ድረስ ነጥባቸውን ይዘው ይቆዩ ነበር። ገዢው ካመሰገነ ያመሰግኑታል፤ ከወቀሰ ይወቅሱታል። እከክልኝ ልከክልህ የሚባለው ግንኙነት በአንድ በኩል፣ የበቀል ሥጋት በሌላ በኩል ሆነው መዝገቡን ከሁለት አቅጣጫ አጣመሙት።

ሁለተኛው ልማድ ብዙም ሲነሳ አይሰማም፤ በእኔ ግምት ግን ከመጀመሪያው ይልቅ ጎጂው እርሱ ነበር። የኢቤይ ደንብ ሁለቱ ወገኖች ከተስማሙ የተሰጣጡትን ነጥብ ከድምሩ ማሰረዝ ይፈቅድ ነበር። ዓላማው በጎ ነው፤ አለመግባባት ተፈትቶ ሳለ ወቀሳው ለምን ይኑር? በተግባር ግን ለበቀል አዲስ ጥቅም ፈጠረለት። አሉታዊ ነጥብ የተሰጠው ሻጭ ወዲያው የራሱን አሉታዊ ነጥብ ለገዢው ይለጥፍና «አንተ አንሳልኝ፣ እኔም ላንሳልህ» የሚል ድርድር ይከፍታል። ያለ ጥፋቱ የተወቀሰው ገዢ ስሙን ለማጽዳት ሲል እውነተኛውን ወቀሳ ያነሳል። ሻጋታ ያለበት ሌንስ የላከው ሻጭ መቶኛው እንደነበረ ይቀመጣል፤ ቀጣዩ ገዢ ደግሞ ያንን ቁጥር አይቶ ይጫረታል።

ሦስት አማራጮች

ኢቤይ ችግሩን ያውቀው ነበር። ጋሪ ቦልተን፣ ቤን ግራይነርና አክሰል ኦከንፌልስ የተባሉ ኢኮኖሚስቶች ከኩባንያው ጋር ሆነው መረጃውን ሲመረምሩና አማራጮችን በቤተ ሙከራ ሲፈትሹ የነበረ ሲሆን፣ ሥራቸው በ2013 ታትሟል። ከመረመሩት አማራጭ አንዱ ሁለቱም ወገኖች አስተያየታቸውን ሳይተያዩ እንዲጽፉና ሁለቱም ሲጨርሱ ወይም ጊዜው ሲያልቅ በአንድነት እንዲገለጥ ማድረግ ነው። ሌላው የሁለትዮሹን ሥርዓት እንዳለ ትቶ ገዢው ብቻ የሚሞላው፣ ማን እንደሞላው የማይታወቅ ዝርዝር መመዘኛ መጨመር ነው።

የመጀመሪያው አማራጭ በቀልን ከሥሩ ይነቅለዋል፤ ያላየኸውን ወቀሳ ልትበቀል አትችልምና። ነገር ግን አንድ ሥጋት ነበረበት። ብዙ ሰው አስተያየት የሚጽፈው መልሶ እንዲጻፍለት ብሎ ነው፤ ያ ማትጊያ ከተነሳ የሚጽፈው ሰው ቁጥር ሊቀንስ ይችላል። ኢቤይ በ2007 ሁለተኛውን መረጠ። ገዢው ዕቃው ከማስታወቂያው ጋር መመሳሰሉን፣ የሻጩን መልስ አሰጣጥ፣ የመላኪያ ፍጥነቱንና የመላኪያ ዋጋውን ከ1 እስከ 5 ኮከብ ይመዝናል፤ ለሕዝብ የሚታየው ግን ቢያንስ አሥር መዛኞች ሲሞሉ የሚወጣው አማካይ ብቻ ነው። ሻጩ የትኛው ገዢ ዝቅ እንዳደረገው መለየት ስለማይችል የሚበቀለው ሰው የለውም።

ይህ ሥርዓት የራሱን ጥቃቅን ምሬቶች አመጣ። ከ5 ኮከብ 4 መስጠት «ጥሩ ነው» ማለት የሚመስለው ገዢ፣ 4 ኮከብ ሻጩን በፍለጋ ውጤት ወደ ታች እንደሚያወርደው አያውቅም። የመላኪያውን ወጪ ራሱ ሸፍኖ በነጻ የላከ ሻጭም በመላኪያ ዋጋ መስክ ከአምስት በታች ሲያገኝ ምን ይበል? ኢቤይ ይህንን በኋላ አስተካክሎ ለነጻ መላኪያ አምስት ኮከብ በቀጥታ እንዲመዘገብ አደረገ።

ዋናው የአስተያየት መዝገብ ግን እንደነበረ ስለቀጠለ ፍርሃቱም አብሮት ቀጠለ። ኩባንያው በ2008 ወደ ሦስተኛውና ከባዱ እርምጃ ያመራው ያን ጊዜ ነው፤ ሻጩ የሚበቀልበትን መሣሪያ ራሱን ነጠቀው።

የሻጮች ቁጣ

ውሳኔው የመጣበት ጊዜ መጥፎ ነበር። ኢቤይን ለአሥር ዓመታት የመራችው ሜግ ዊትማን ሥልጣኗን ለጆን ዶናሆ ለማስረከብ በተዘጋጀችበት ወር፣ የአስተያየቱ ለውጥ ከአዲስ የክፍያ ተመን ጋር አንድ ላይ ተነገረ። ዕቃ የመለጠፊያው ክፍያ ቀነሰ፤ ዕቃው ሲሸጥ የሚቆረጠው ኮሚሽን ግን በአሜሪካው ገበያ በመጀመሪያዎቹ 25 ዶላር ላይ ከ5.25 በመቶ ወደ 8.75 በመቶ ከፍ አለ። በ25 ዶላር ለተሸጠ ዕቃ ይህ ከ1.31 ዶላር ወደ 2.19 ዶላር መውጣት ማለት ነው። ሻጮች የበለጠ እየከፈሉ አነስ ያለ መብት እንደተሰጣቸው ተሰማቸው፤ ከፌብሩዋሪ 18 እስከ 25 ድረስም ዕቃ ላለመለጠፍ አድማ ጠሩ። አድማው ውሳኔውን አላስቀየረም።

የቅሬታቸው ይዘት ከአድማው ይልቅ ትኩረት ይገባዋል። አንድ ሻጭ ጊታር ለጨረታ ያቀርባል፤ ለሰባት ቀን ይጠብቃል፤ በመጨረሻዎቹ ሰከንዶች አንድ ተጫራች ዋጋውን ከፍ አድርጎ ያሸንፋል። ከዚያ መልስ የለም፤ ክፍያ የለም። ሻጩ የአለመክፈል አቤቱታ ከፍቶ ጥቂት ቀናት ይጠብቃል፤ ኮሚሽኑ ይመለስለታል። ለሁለተኛው ተጫራች ዕድል ይስጥ ቢል ያ ሰው እስከዚያ ሌላ ጊታር ገዝቷል። ጨረታው እንደገና ሲከፈት ደግሞ የቀድሞው ሙቀት የለም፤ ዋጋው ዝቅ ብሎ ይዘጋል። ለዚህ ሁሉ ሻጩ የነበረው የመጨረሻ ማስታገሻ በዚያ ሰው ስም ላይ ቀይ ምልክት ማኖር ነበር። እርሱም ተወሰደበት።

ከዚህ የከፋው ደግሞ «ግማሹን ገንዘብ ካልመለስህልኝ አሉታዊ ነጥብ እሰጥሃለሁ» የሚለው ገዢ ነው። ደንቡ ይህን ይከለክላል፤ ሆኖም አጸፋ የሌለበት ዛቻ ለዛቹ ወጪ የለውም።

ኢቤይ ቅሬታውን ጨርሶ አልናቀውም። ለአለመክፈል አቤቱታ መልስ ያልሰጠ ገዢ የተወው ወቀሳ እንዲሰረዝ፣ ከገበያው የታገዱ ሰዎች የሰጡት አሉታዊና ገለልተኛ ነጥብ እንዲነሳ፣ የሻጩ መቶኛ ያለፉትን አሥራ ሁለት ወራት ብቻ እንዲቆጥር አደረገ። ሻጮች ደግሞ ያልከፈሉበት ታሪክ ያላቸውን ተጫራቾች አስቀድመው ማገድ የሚያስችላቸው ማስተካከያ አላቸው። በስምምነት ነጥብ የማሰረዙም መንገድ ተዘጋ።

ሻጮች «ሌሎችን የምናስጠነቅቅበት መንገድ ተዘጋብን» ያሉት ክርክር ግን ለእኔ ደካማው ነው። አልቪን ሮትና ኦከንፌልስ በ2002 እንዳሳዩት፣ የመዝጊያ ሰዓቱ በማይራዘምበት የኢቤይ ጨረታ ብዙ ተጫራቾች ዋጋቸውን የሚያስገቡት በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ነው። ሻጩ የአሸናፊውን መዝገብ የሚያየው ጨረታው ካለቀ በኋላ ከሆነ ማስጠንቀቂያው ምን ያደርግለታል? የማይከፍለውን ሰው በር ላይ የሚያስቆመው በሥርዓቱ ውስጥ ያለው እገዳ እንጂ ከስሙ ጎን የተጻፈ ወቀሳ አይደለም። ሻጮች በእውነት የተነጠቁት መከላከያ ሳይሆን ማስፈራሪያ ነበር፤ የሚያስፈራውም ሐቀኛውንና አጭበርባሪውን ገዢ ሳይለይ ነው።

ከዚያ በኋላ የታየው

ብዙዎች ሐቀኛ ሻጮች ገበያውን ጥለው ይወጣሉ ብለው ተንብየው ነበር። ቶቢያስ ክላይን፣ ክርስቲያን ላምበርትዝና ኮንራድ ሽታል በ2016 ያሳተሙት ጥናት ይህን በብልሃት ፈተነው። ከሜይ 2008 በኋላ አሉታዊ ነጥብ ቢበዛ ገዢዎች ፍርሃታቸው ስለለቀቃቸው ይሁን ወይም አገልግሎቱ ስለተበላሸ መለየት አይቻልም። ስም ሳይገለጥ የሚሞሉት ኮከቦች ግን ከለውጡ በፊትም ሆነ በኋላ ለበቀል የተጋለጡ አልነበሩም፤ ስለዚህ በእነርሱ ላይ የሚታይ ለውጥ የገዢውን እውነተኛ እርካታ ያንጸባርቃል። የተገኘው ውጤት ኮከቦቹ ከለውጡ በኋላ በግልጽ ከፍ ማለታቸው፣ የሚወጡ ሻጮች ቁጥር ግን ከዚህ ጋር አለመጨመሩ ነው። ይህም ማለት መሻሻሉ የመጣው መጥፎ ሻጮች ተባርረው ሳይሆን እነዚያው ሻጮች ዕቃቸውን በትክክል መግለጽና ለገዢው ቶሎ መልስ መስጠት ስለጀመሩ ነው። ሌንሱን ሻጋታ አለበት ብሎ መጻፍ ከመቶኛው መውረድ ይልቅ የሚረክስ ሆነ።

ይሁንና ዝምታው ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። ክሪስ ኖስኮና ስቲቨን ታደሊስ ከዓመታት በኋላ የኢቤይን መረጃ ሲመረምሩ የሻጮች አዎንታዊ መቶኛ በአማካይ 99.3፣ መካከለኛው ሻጭ ደግሞ ድፍን 100 ሆኖ አገኙት። ወቀሳ የሚያስከትልበት በቀል ባይኖርም፣ መውቀስ የሚያስጠላው፣ የሻጩ ተከታታይ መልእክት የሚያሰለቸው ሰው ዝም ብሎ ይሄዳል፤ ብዙ ጊዜም ወደ ገበያው አይመለስም። ስለዚህ ሁለቱ ተመራማሪዎች ዝምታውን ራሱን ቆጠሩት፤ አዎንታዊ ነጥቦቹን ለተሰጡት አስተያየቶች ሳይሆን ለጠቅላላው ግብይት አካፍለው አዲስ መለኪያ አበጁ። ይህ መለኪያ ከፍ ያለላቸው ሻጮች በፍለጋ ውጤት ወደ ላይ እንዲወጡ በተደረገበት ሙከራ፣ ገዢዎች ተመልሰው የመግዛታቸው ዕድል ጨመረ።

የሻጮቹ እሮሮ ደግሞ ሌላ ቦታ ሄዶ አረፈ። ኢቤይ ዕቃው ላልደረሰው ወይም ከማስታወቂያው ለተለየበት ገዢ ገንዘብ የመመለስ ዋስትና ሲያጠናክር፣ ክርክሩ ከአስተያየት መዝገቡ ወደ አቤቱታ ክፍሉ ተዛወረ። ሐሳቡን የቀየረ ገዢ «ከተገለጸው የተለየ ነው» የሚለውን ምክንያት ከመረጠ መመለሻውን የሚከፍለው ሻጩ ነው። ባዶ ካርቶን ወይም የተለወጠ ዕቃ የተመለሰለት ሻጭ ይህንን የማስረዳት ሸክም ይወድቅበታል፤ ለዚህም ነው ልምድ ያላቸው ሻጮች የዕቃውን መለያ ቁጥር ከማሸጋቸው በፊት ፎቶ የሚያነሱት። ፈራጁ አሁን መድረኩ ራሱ ነው፤ ለተሳሳተ ፍርዱ ደግሞ ማንም ነጥብ አይሰጠውም።

ኢቤይ ሳይመርጠው የቀረው፣ ሁለቱ ወገኖች ሳይተያዩ የሚጽፉበት የታሸገ አስተያየት ሐሳብ በሌላ ገበያ ተሞክሯል። የቤት ኪራይ መድረኩ ኤርቢኤንቢ በ2014 እንግዳና አከራይ የጻፉት እስከ 14 ቀን ድረስ ሳይታይ ቆይቶ በአንድነት እንዲገለጥ አድርጓል። ኢቤይ በ2008 ይህን መንገድ ቢይዝ ኖሮ ሻጮች ያልከፈላቸውን ሰው የመውቀስ መብታቸው ሳይነካ በቀሉ ብቻ ይቀር ነበር የሚለው አስተሳሰብ ይማርካል፤ እኔም በከፊል እቀበለዋለሁ። ነገር ግን አንድ ቤት በ14 ቀን ውስጥ የሚቀበለው እንግዳ ጥቂት ሲሆን፣ አጭበርባሪ ሻጭ በዚያው ጊዜ ብዙ ጨረታ ሊዘጋ ይችላል፤ የመጀመሪያው ተበዳይ የጻፈው ወቀሳ ታሽጎ በቆየ ቁጥር የሚቀጥሉት ተጫራቾች ንጹሕ መዝገብ እያዩ ገንዘባቸውን ይልካሉ። የማሸጊያውን ጊዜ ማሳጠር ደግሞ መንገድ ላይ የዘገየ ዕቃ ገና ሳይደርስ ገዢው እንዲፈርድ ማስገደድ ይሆናል። ኢቤይ የሻጩን አሉታዊ ነጥብ ከዚያ ወዲህ አልመለሰም።